ከማዳበሪያው ከረጢት በስተጀርባ ያለው አሲድ፦ ንጹሑ ለማን፣ ቅሪቱ ለማን?

ባሕር ዳር፦ የመኸር እርሻ በተቃረበ ቁጥር በየቀበሌው የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማዳበሪያው ደረሰ ወይ? ተከትሎት የሚመጣው ደግሞ ዋጋው ስንት ሆነ የሚለው ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ግን ከሁለቱ በኋላ ሳይጠየቅ የሚቀረውን ሦስተኛ ጥያቄ ይመለከታል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ወደ ማሳችን የሚመጣው ምን ያህል ተነጥሮ ነው? ከእርሱ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ሌላው ነገርስ ምንድን ነው?

ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ዳፕን ተክቶ የገባው ኤን.ፒ.ኤስ ማዳበሪያ በከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ 19፣ 38 እና 7። በመቶ ኪሎ ግራም ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 7 ኪሎ ሰልፈር አለ ማለት ነው። መካከለኛው ቁጥር፣ 38ቱ፣ ፍሬ ከመሆኑ በፊት ፎስፎሪክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ ነበር። ከዚያም በፊት ድንጋይ ነበር። በግብርና ኮሌጅ ሳለን ፎስፈረስ ሥር እንደሚያጠነክር፣ ፍሬ እንዲሞላ እንደሚያግዝ፣ በሄክታር ስንት ኪሎ እንደሚጨመር በሚገባ ተምረናል። ከየትኛው ድንጋይ፣ በምን መንገድ እንደሚወጣ ግን ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ነበር የሰማነው። ዛሬ ላይ ሳስበው ያ ገጽ ለገበሬው ከሌሎቹ ያላነሰ ፋይዳ ነበረው።

በዓለም ላይ ከሚታወቀው የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ሰባ በመቶ ያህሉ በሞሮኮ ይዞታ ሥር ይገኛል። የኢትዮጵያ ዋነኛ የኤን.ፒ.ኤስ አቅራቢም የዚያው አገር ድርጅት ኦሲፒ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ በምትገኘው ጆርፍ ላስፋር ግዙፍ የአሲድና የማዳበሪያ ፋብሪካዎች አሉት። እናም የጎጃም ደጋ ጤፍ፣ የወሎ ማሽላና የጎንደር ስንዴ ከዚያ ባሕር ዳርቻ ከሚሠራው ሥራ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ድንጋዩ አሲድ የሚሆንበት መንገድ ለማስረዳት የሚከብድ አይደለም። ተፈጭቶ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ይቀላቀላል፤ ሙቀቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በድንጋዩ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ከሰልፈሪክ አሲዱ ጋር ተዋሕዶ ጂፕሰም ይሆንና ይዘቅጣል፤ ፎስፈረሱ ፈሳሽ ፎስፎሪክ አሲድ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ በማጣሪያ ይለያያሉ። ከዚያ ውኃው እንዲተን እየተደረገ አሲዱ ይጠነክራል። ይህ መንገድ ርካሽ ነው። ሌላው መንገድ ድንጋዩን በኤሌክትሪክ እቶን አቅልጦ ፎስፈረሱን ለብቻው ማውጣት፣ ማቃጠልና በውኃ ማሟሟት ሲሆን የሚገኘው አሲድ እጅግ ንጹሕ ነው፤ የሚበላው ኃይል ግን ብዙ በመሆኑ ለማዳበሪያ የሚያዋጣ አይደለም።

የርካሹ መንገድ ችግር ሰልፈሪክ አሲድ መርጦ የማይበላ መሆኑ ነው። በድንጋዩ ውስጥ ከፎስፈረስ ጋር አብሮ የኖረው ሁሉ አብሮ ይሟሟል። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዢየም፣ ፍሎሪን፣ ሲሊካ፣ ጥቂት አርሴኒክ፣ ካድሚየምና ዩራኒየም፣ በጥንት ባሕር ውስጥ ከኖሩ ፍጥረታት የቀረ ብስባሽም ጭምር። ጥሬው አሲድ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ከእነዚህ ባዕድ ነገሮች ከፊሉ ከጂፕሰሙ ጋር ይወጣል፤ ራዲየም የተባለው ጨረር አመንጪ ወደ ጂፕሰሙ ያደላል። ዩራኒየሙና ከካድሚየሙ ከግማሽ በላዩ ግን ወደ አሲዱ ያዘነብላል።

የማንጠር ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሲዱ ለለስላሳ መጠጥ፣ ለምግብ ማቀነባበሪያ፣ ለጥርስ ሳሙና ወይም ለመድኃኒት የሚውል ከሆነ እንዲሁ ሊተው አይችልም። በመጀመሪያ ትርፉ ሰልፌት የተፈጨ ፎስፌት ድንጋይ ተጨምሮበት እንዲዘቅጥ ይደረጋል። አርሴኒክ የሰልፋይድ ጨው ሲገባበት ወደ ጠጣርነት ተለውጦ ይወርዳል። ብስባሹን ለዚሁ የተዘጋጀ ከሰል ይመጠዋል። ፍሎሪን ሲሊካ ተጨምሮበት በእንፋሎት ይባረራል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው፤ ዋናው ሥራ ገና ነው።

ዋናውን ሥራ ለመረዳት እናቶቻችን ቅቤ የሚያወጡበትን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። እርጎ በቅል ተገፍቶ ቅቤው ተሰብስቦ ሲወጣ አሬራው ይቀራል። በፋብሪካውም ጥሬው አሲድ ከውኃ ጋር ከማይዋሐድ ዘይት መሰል አሟሚ ጋር በረጃጅም ማማዎች ውስጥ ይናጣል። አንዱ ከላይ ሲወርድ ሌላው ከታች ይወጣል። አሟሚው ፎስፎሪክ አሲዱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ብረቱን፣ አሉሚኒየሙን፣ ማግኒዢየሙንና አብዛኛውን ከባድ ብረት ግን አይወስድም። አሲድ የተሸከመው አሟሚ በጥቂት ንጹሕ አሲድ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ከውኃ ጋር ሲገናኝ የያዘውን አሲድ ለውኃው ይለቃል። አሟሚው ተመልሶ ለሌላ ዙር ይገባል። የተገኘው አሲድ ቀሪ ፍሎሪኑ በእንፋሎት ይወጣለታል፤ ቀለሙ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጠራል፤ በመጨረሻም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ የቤልጂየሙ ፕራዮን ነው። እርሱና የጀርመኑ ቡደንሃይም ከኦሲፒ ጋር ሆነው በጆርፍ ላስፋር ያቋቋሙት ኢማፎስ የተባለ ማንጠሪያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይሠራል።

አሬራው የት ይሄዳል?

ማንጠሪያው ሁሉንም አሲድ ሊያወጣው አይችልም። ከፊሉ ፎስፈረስ ከባዕዱ ነገር ሁሉ ጋር በቅሪቱ ውስጥ ይቀራል። ይህ ቅሪት ፎስፈረስ ስላለበት አይደፋም፤ ይሸጣል ወይም ወደ ጎረቤት ክፍል ይተላለፋል። ያ ጎረቤት ክፍል በአብዛኛው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። በኢንዱስትሪው ዘንድ ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ የማንጠሪያ ፋብሪካዎች ከማዳበሪያ ፋብሪካ አጠገብ እንዲተከሉ ከሚደረግባቸው ምክንያቶችም አንዱ ነው። በቀላል አነጋገር ቅቤው ለጠርሙሱ፣ አሬራው ለማሳው ነው።

እዚህ ላይ ለእውነት መቆም ያስፈልጋል። እንደ ጆርፍ ላስፋር ባለ ሰፊ ቦታ የሚነጠረው አሲድ ከጠቅላላው ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ቅሪቱ በብዙ ያልተነጠረ አሲድ ውስጥ ስለሚበተን በአንድ ከረጢት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ጎልቶ የሚታይ አይሆንም። ማዳበሪያም የለስላሳ መጠጥ ያህል ንጽሕና አይሻም። እንዲያውም በአሲዱ የሚቀሩት ማግኒዢየምና ዚንክ ለሰብሉ ምግብ ናቸው። ብረትና አሉሚኒየም ሲበዙ ግን ጉዳት አላቸው፤ ከፎስፈረሱ ጋር ተጣብቀው በውኃ የማይሟሟ ስለሚያደርጉት ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ለሥር አይደርስም። የገበሬውም የአሲድ ነጣሪውም ጠላት እነዚሁ ሁለት ብረቶች መሆናቸው ያስገርማል፤ በቀዩ የጎጃምና የአዊ አሲዳማ አፈር ውስጥ ፎስፈረስን ይዘው አንለቅም የሚሉት እነርሱው ናቸውና።

ጠቅልሎ ጎጂ የሚባለው ግን ካድሚየም ነው። ለሰብልም ሆነ ለሰው አንዳች ጥቅም የለውም። ከአፈር በሥር በኩል ወደ ፍሬና ወደ ቅጠል ይወጣል፤ ወደ ሰው ሲገባ በኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ የገባው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። በጃፓን ቶያማ ግዛት፣ የጂንዙ ወንዝን ለመስኖ ይጠቀሙ የነበሩ የሩዝ ገበሬዎች አጥንታቸው እየተሰበረ "አመመኝ፣ አመመኝ" በሚል ስያሜ የታወቀው በሽታ የያዛቸው በካድሚየም ምክንያት ነበር። መንግሥት በሽታው ከብክለት የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 አምኗል። የዚያ ብክለት ምንጭ የዚንክ ማዕድን ማውጫ እንጂ ማዳበሪያ አልነበረም፤ ሁለቱን ማምታታት አይገባም። ለማዳበሪያው የሚቀርበው ምሳሌ ኒው ዚላንድ ናት። የግጦሽ መሬቷን ለአሥርተ ዓመታት ከናውሩ ደሴት በመጣ፣ ካድሚየም በበዛበት ፎስፌት ስታዳብር ኖራ፣ ከ30 ወር በላይ የሆናቸው በጎችና ከብቶች ኩላሊት ለሰው ምግብ እንዳይውል እስከ መከልከል ደርሳለች።

ወደ ራሳችን ማሳ እንመለስና እናስላ። አንድ ገበሬ በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ኩንታል ኤን.ፒ.ኤስ ቢጨምር 38 ኪሎ ግራም ፎስፌት አስገባ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 16 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ደንብ በአንድ ኪሎ ፎስፌት ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም እንዳይኖር ይገድባል። ማዳበሪያው ልክ በዚያ ወሰን ላይ ቢሆን በዓመት ወደ ሄክታሩ የሚገባው ካድሚየም 2.3 ግራም ገደማ ነው። የሄክታሩ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ አፈር ላይ በየዓመቱ የሚጨመረው የሚሊ ግራም አንድ ሺህኛ ያህል ነው። እጅግ ትንሽ ነው፤ ከፊሉም በሰብልና በጎርፍ ይወጣል። በመቶ ዓመት ግን፣ ምንም ካልወጣ፣ 0.1 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ብዙ ያልተበከሉ አፈሮች በተፈጥሯቸው የያዙት ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መሆኑ ሲታሰብ ጭማሪው ቀላል የሚባል አይሆንም። በሄክታር ሁለት ኩንታል የሚጨምር ደግሞ ጊዜውን በግማሽ ያሳጥረዋል፤ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ በመስኖ የሚያመርተውም እንዲሁ።

ይህን አንብቦ ማዳበሪያው ይቅርብኝ የሚል ገበሬ ቢኖር ከካድሚየም ይልቅ ረኃብ ፈጥኖ ይደርስበታል። የስሌቱ ዓላማ ያ አይደለም። አፈር ውስጥ የገባ ካድሚየም በርካሽ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለ መከላከሉ ከመግባቱ በፊት መሆን እንዳለበት ለማሳየት ነው። አፈሩ ሲሰጥም የሁሉም አካባቢ አንድ ዓይነት አይደለም። ካድሚየም አሲዳማ በሆነ አፈር ውስጥ ይበልጥ ይሟሟል፤ ሥርም ይበልጥ ይወስደዋል። በክልላችን ደጋማ ወረዳዎች የአፈር አሲዳማነት ምን ያህል እንደተስፋፋ ግብርና ባለሙያዎች ሳይታክቱ የሚናገሩት ነው። ኖራ መጨመር ፎስፈረሱን ከብረትና ከአሉሚኒየም እጅ ያስለቅቃል፤ ካድሚየሙን ደግሞ በአፈሩ ላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ኖራን እንደ ተጨማሪ ወጪ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሁለተኛ ጥቅሙን ቢቆጥርለት መልካም ነው።

ወሰን ያለውና ወሰን የሌለው ገበያ

የአውሮፓ ወሰን በቀላሉ የመጣ አልነበረም። ለዓመታት በተካሄደው ክርክር ወሰኑ ደረጃ በደረጃ ወደ 40፣ ከዚያም ወደ 20 ሚሊ ግራም ይውረድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የሰሜን አፍሪካ አቅራቢዎችና ከእነርሱ የሚገዙ ፋብሪካዎች ተቃወሙ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። በባሕር ደለል የተፈጠረው የሰሜን አፍሪካ ፎስፌት ካድሚየሙ ከፍ ያለ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚወጣው የሩሲያና የደቡብ አፍሪካ ፎስፌት ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። ወሰኑ ቢጠብቅ ገበያው ወደ ሩሲያ ያዘነብላል ማለት ነው። በመጨረሻ 60 ላይ ተስማሙ፤ ደንቡም ወሰኑ እስከ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2026 ድረስ እንዲገመገም ያዝዛል።

ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የክርክሩ ውጤት ሳይሆን ከዚያ የሚከተለው ነገር ነው። አንድ አምራች የተለያየ ካድሚየም ያላቸው የድንጋይ ሽፋኖች አሉት። ወሰን ላለው ገበያ ዝቅተኛውን መርጦ ቢልክ ከፍተኛው ወዴት ይሄዳል? ወሰን ወደማይጠይቅ ገበያ መሄዱ የንግድ ባሕርይ ነው። ይህን የምለው አንድ አቅራቢ ይህን አድርጓል ለማለት አይደለም። ገዢ ካልጠየቀ ሻጭ የሚነግረው ግዴታ የለበትም ለማለት ነው። እኔ በመጋዘን ያየኋቸው ከረጢቶች የናይትሮጅኑን፣ የፎስፌቱንና የሰልፈሩን ቁጥር ይዘዋል፤ ስለ ካድሚየም የሚናገር መስመር ግን አላገኘሁባቸውም።

ካድሚየሙን ከአሲዱ ማውጣት ይቻላል። በሰልፋይድ መሰል ውሕዶች ማዝቀጥ፣ በልዩ ሙጫ ላይ እንዲጣበቅ ማድረግ፣ ወይም ከካልሲየም ሰልፌት ፍሬዎች ጋር አብሮ እንዲረጋ ማድረግ የታወቁ መንገዶች ናቸው። ድንጋዩን አስቀድሞ በከፍተኛ ሙቀት መጥበስም ሌላው ነው። ሁሉም ወጪ አላቸው። ወጪው በመጨረሻ በገበሬው ላይ ማረፉ አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዳፕ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ900 ዶላር በላይ ሲወጣ ምን እንደደረሰብን የምንረሳው አይደለም። ስለዚህ በእኔ እምነት ዛሬ 20 ሚሊ ግራም ይሁን ብሎ መነሣት የሚያዋጣ አይሆንም። የአውሮፓውን 60 በጨረታ ሰነድ ላይ ማስፈር ግን ለአምራቹ አዲስ ሸክም አይደለም፤ ለሌላው ደንበኛው እያሟላ ያለው ነውና።

ጉዳዩ ከውጭ ግዢ ብቻ የሚያያዝ አይደለም። ኢትዮጵያና ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመትከል ተፈራርመው ነበር። ሐሳቡ ኢትዮጵያ ጋዝና ፖታሽ፣ ሞሮኮ ደግሞ ፎስፎሪክ አሲድ እንዲያዋጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ውሉ ታደሰ፤ ፋብሪካው ግን በታሰበው ጊዜ አልተገነባም። ከዳንጎቴ ጋር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በጎዴ እንዲሠራ ስምምነት የተደረገበት ፋብሪካ ዩሪያ የሚያመርት በመሆኑ የፎስፈረሱን ጥያቄ አይመልስም። የድሬዳዋው ዕቅድ አንድ ቀን ቢነሣ ግን በመርከብ የሚመጣው ከረጢት ሳይሆን አሲድ ይሆናል። ያን ጊዜ አሲዱ በምን ደረጃ ተነጥሮ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው የውሉ አንድ አባሪ ነው።

አሲዱን በዚሁ በአገር ቤት እናውጣ ቢባል ደግሞ ጂፕሰሙ አለ። ለአንድ ቶን ፎስፌት አምስት ቶን ያህል ጂፕሰም ይወጣል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2021 የፓይኒ ፖይንት የጂፕሰም ክምር ማጠራቀሚያ ማፍሰስ ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪ ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ተደርጓል። በቱኒዚያዋ ጋቤስ ከተማ ጂፕሰሙ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ባሕር ሲለቀቅ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ተማሪዎች በፋብሪካው ጋዝ ታፍነው ሐኪም ቤት ከገቡ በኋላ የከተማዋ ሕዝብ ፋብሪካው ይዘጋልን ብሎ አደባባይ ወጥቷል። ባሕር ያላቸው እንዲህ ከሆኑ ባሕር የሌላት አገር ክምሩን የት ታስቀምጠዋለች? በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ አቅራቢያ የሚገኘው የቢቂላል ፎስፌት ከእሳተ ገሞራ ዓለት ወገን መሆኑ ከካድሚየም አንጻር መልካም ዜና ነው፤ የፎስፌቱ መጠን ግን ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ ዓለት ፈጭቶ ጥቂት ማግኘት የግድ ይላል።

የከተማው ነዋሪ ይህ የገበሬው ጉዳይ ነው ብሎ እንዳይተወው አንድ ነገር ልጨምር። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የቻይና ሥሪት ሲሆኑ፣ በዋጋቸው ረከስ ባሉት ዘንድ የተለመደው ባትሪ ሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት ነው። ያ ፎስፌት ከተነጠረ ፎስፎሪክ አሲድ ይመጣል፤ ጥቂት ባዕድ ብረት ባትሪውን ያበላሸዋልና። ቻይና ደግሞ ከዓለም ትልልቅ የፎስፌት ማዳበሪያ አምራቾች አንዷ ስትሆን ከ2021 ወዲህ ወደ ውጭ የምትልከውን እየገደበች ትገኛለች። አሁንም ከዓለም ፎስፌት ከሰማንያ በመቶ በላይ የሚሆነው ለእርሻ ይውላል፤ ነገር ግን ለተነጠረው አሲድ የሚከፈለው ዋጋ ከማዳበሪያው ስለሚበልጥ አምራቹ ወዴት እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም። ማንጠሪያዎች በበዙ ቁጥር ቅሪቱም ይበዛል፤ ቅሪቱን የሚቀበለውም ያው የማዳበሪያ ጋን ነው።

ማዳበሪያ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ ናሙና ይወሰድና የናይትሮጅን፣ የፎስፌትና የሰልፈር መጠኑ ከውሉ ጋር ይመሳከራል። ካድሚየምን ለመለካት ሌላ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም። ያው ናሙና በአሲድ ሟሙቶ ከባድ ብረቶችን በሚለካ መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ ውጤቱ በአንድ ቀን ይታወቃል። የሚቀረው ውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመርና ያን ውጤት ለዩኒየኖችና ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማድረስ ነው።